የሞርሳ ፍሳሽ

ሰው ሁሉ «ሞርሳ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የቧንቧ ወርክሾፕ ጓደኞቹ ናቸው። ሞርሳ ማለት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው፣ ብረት በጥርሱ ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ እጀታውን አዙረህ እስክትፈታው ድረስ አይለቅም። ሰውየውም እንደዚያው ነው። ቧንቧ ቢይዝ አይለቅም፣ ነገር ቢይዝ አይለቅም፣ ቂም ቢይዝማ ወዮ ለተያዘበት! ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በእህቱ ሰርግ ላይ አማቹ የተናገራትን አንዲት ነገር እስከ ዛሬ ቃል ሳይጎድል ይደግማታል።

አማቹ የእህቱ ባል ነው፤ መብራት ሠራተኛ። ሁለት ዓመት የማታ ትምህርት ተምሮ አንድ ወረቀት ስለተሰጠው ራሱን ከመሐንዲስ እኩል ያያል። ያን ቀን ሙሽራ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ስለ ሙያ ወሬ ተነሣና፣ «የኛ ሥራ ጭንቅላት ይፈልጋል። ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ ማወቅማ ምን ትምህርት አለው!» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሞርሳም ሳቀ። ምን ያድርግ? የእህቱ ሰርግ ነው። ሳቁ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደለትም።

በዚያ ላይ ደግሞ የመውደቁ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ሊሰቀል፣ ሞርሳ ቧንቧውን፣ አማቹ ፓምፑን ሊያገናኙ ተቀጣጠሩ። አማቹ አረፈደ። ሞርሳ አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ በገነና ብቻውን ወጣ። የታንከሩ መቆሚያ ብረት ከእግሩ ሥር ከዳው። ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ተማረ። አማቹ የደረሰው ሞርሳን ሰዎች ተሸክመው መኪና ላይ ሲጭኑት ነው። «መንገድ ተዘግቶብኝ እኮ ነው» አለ። ሞርሳ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆኖ ይቺንም ያዛት።

አከርካሪው ተሰብሮ ውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰር ተጎዳ። ከእምብርቱ በታች ያለው ገላ የሱ መሆኑ ቀረ፤ ቢቆነጥጡት፣ ቢያቃጥሉት፣ የጎረቤት ገላ ነው። ስለ እግሮቹ አለቀሰ፣ ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበሩን ለመደው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም ይባላል። ሐሰት ነው። ሞርሳ ያልለመደው ሽንቱን ነው።

ፊኛው ይሞላል፤ አይለቅም። በየአራት ሰዓቱ እየቆጠረ ቀጭን ቱቦ እያስገባ ማፍሰስ አለበት። ቱቦው ቁስለት ያመጣል፣ ቁስለቱ ትኩሳት ያመጣል፣ ትኩሳቱ ለሳምንት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ሊጠይቁት የመጡት የወርክሾፕ ጓደኞቹ እንኳ አላዘኑለትም፤ «ፊኛህም ስምህን ሰምቶ ነው እንዴ የያዘውን አልለቅ ያለው?» ብለው ተሳሳቁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲከፍት የኖረ ሰው የራሱ ተዘጋበት። ከዚህ የባሰ ቀልድ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፤ እጁ እንደ ሴት እጅ ለስላሳ፣ ንግግሩ ለስላሳ። አንድ ክፉ ልማድ አለበት፤ ስለ ሞርሳ የሚጠይቀው የሞርሳን ሚስት ነው።

«በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠጣል?» ይላታል፣ ሞርሳ አጠገቧ ተቀምጦ። የእግሩን እንጂ የምላሱን ነርቭ ማን ቆረጠው? ግን ዝም አለ። የተማረ ሰው ሲናገር አፉን መዝጋት ከልጅነቱ ተገርፎ የተማረው ነገር ነው።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳቸው። ከተሰበረው ቦታ በታች ገና በሕይወት ያሉ ነርቮች አሉ፤ ከላይ፣ ከአንጎል ትእዛዝ አይደርሳቸውም እንጂ አልሞቱም። ከነዚያ አንዱን፣ ወደ እግር የሚሄደውን፣ ይቆርጥና ወደ ፊኛ ከሚሄደው ነርቭ ጋር ይሰፋዋል። ነርቩ አድጎ ፊኛው ዘንድ ሲደርስ፣ የጭን ቆዳ ሲታከክ መልእክቱ ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ይገባል፣ በተሰፋው ነርቭ በኩል ይመለሳል፣ ፊኛው ይጨመቃል።

«ማለት ጭኑን ሲያክ ይሸናል» አላት ሚስቱን።

ሞርሳ በዚህ ጊዜ ምላሱ ተፈታ። «ዶክተር፣ መገጣጠሚያው እስኪይዝ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሱ ዞረ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ቢያድግ ነው። አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም።» ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ በግራ ጭኑ ላይ፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ በውጭ በኩል፣ ክብ ሣለ። «ቱቦውን ከማስገባትዎ በፊት በየጊዜው እዚህ ጋ ያካሉ። ሳያሰልሱ።»

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሞርሳም ማከክ ጀመረ።

አከከ። ጠዋት አከከ፣ ቀን አከከ፣ ማታ አከከ። ጣቱ እንጂ ጭኑ አይሰማውም፤ የሰው እግር የሚያክ ነው የሚመስለው። ሚስቱ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ሆና «አከክህ?» ትላለች። እህቱ ስልክ ትደውልና ደህና ነህ ወይ ሳትል «እያከክህ ነው?» ትላለች። አማቹ ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር ትምህርት ይሰጣል፦ «ሽቦውማ ተቀጥሏል። አሁን የቀረው ማብሪያ ማጥፊያውን መልመድ ነው። ነርቭ ማለት እኮ ሽቦ ነው፤ እኔን ብትጠይቀኝ ለኔ ግልጽ ነው።» ማን ጠየቀው? ማንም አልጠየቀው።

አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ አምስት ወር። ጠብ አላለም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ሰባተኛው ወር ላይ ሞርሳ አንድ ቀን እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ራሱን በመስታወት አየ። ሸምግሎ፣ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ፣ የማይሰማውን እግር የሚያክ ሰው። እጁን አነሣ፤ ከዚያ ወዲያ አልመለሰውም።

ለማንም አልተናገረም። መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ማከክ የሚፈጀውን ያህል ቁጭ ብሎ ራሱ የገጠመውን የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ያያል፣ ቱቦውን አስገብቶ ያፈስሳል፣ ይወጣል።

«አከክህ?»

«አከኩ።»

በዘጠነኛው ወር የወርክሾፑ አለቃ አስጠራው። ተቀምጦ ቧንቧ የሚቆርጥና ጫፉ ላይ የመገጣጠሚያ ክር የሚያወጣ ሰው ፈልጓል። ሞርሳ ደስ ቢለውም ፊቱ ላይ አላሳየም። ችግሩ፣ በወርክሾፑ ያለው ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ ለቆመ ሰው የተሠራ ነው፤ ወንበር ላይ ሆኖ አይደርስበትም። «ዝቅ አርጉልኝ» አለ። «ነገ» አሉት። በማግስቱም «ነገ» አሉት። ሞርሳ የሚባል ሰው ሞርሳ አጥቶ ሲቀመጥ ሳቁበት እንጂ መፍቻ ያነሣ አልነበረም። እሱም ሰለቸውና ቧንቧውን በግራ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በግራ እጁ ጨብጦ፣ በቀኝ እጁ በመጋዝ መቁረጥ ጀመረ። መጋዙ በሄደ በመጣ ቁጥር ቧንቧው ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ክር የወጣለት ጫፍ ሱሪውን ይፍቃል። አይሰማው፣ ምን ጨነቀው።

አንድ ማታ ሚስቱ ስታጥበው ጭኑን አየች። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ በውጭ በኩል ቆዳው ቀልቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማከኩ ነዋ» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«እሰይ የኔ ጌታ!» አለችና ቅባት ቀባችው። ሞርሳ ቅባቱን እያየ ለአንድ አፍታ ራሱን ጠላ። ከዚያ መልሶ ሐኪሙን ጠላ፤ የለመደው እሱን ነው።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ በዓመቱ ወርክሾፕ ውስጥ ሱሪው ረጠበ። መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ መሰለው። አሸተተው፤ አይደለም። ዙሪያውን ቃኘ፤ ያየው የለም። በሳምንቱ ደገመው። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ሆነ።

ሠላሳ ዓመት በቧንቧ ሥራ ያስተማረው አንድ ነገር ነው፤ ባላዘዝከው ቦታ የወጣ ውሃ ብልሽት ነው። ስለዚህ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ የሐኪሙ መገጣጠሚያ አልያዘም ማለት ነው። ለስላሳ እጅ! ቧንቧ በለስላሳ እጅ ይጠበቃል? በፊት የማይለቅ ነበር፣ አሁን ደግሞ የማይይዝ አደረገው። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ቧንቧ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ከነመፍቻው በመስኮት ይጣል ነበር።

የደበቀበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢያፈስበት በሽተኛ ይባላል። ቧንቧ ሠራተኛ ቢያፈስበት ግን እስኪሞት መሳቂያ ነው። ይቺ ወሬ አማቹ ጆሮ ስትደርስ ምን እንደሚል በልቡ እየሰማው፣ በመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ጥቁር ቅያሪ ሱሪ ያዘ፤ ውሃ መጠጣትም ቀነሰ። ቤት ግን አንድም ቀን ረጥቦ አያውቅም። ቅዳሜ ደረቅ ነው፣ እሁድ ደረቅ ነው። ይሄን ልብ ቢል ኖሮ ይሄ ታሪክ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ልብ አላለም። የተናደደ ሰው የሚቆጥረው የረጠበበትን ቀን ብቻ ነው።

በአሥራ አራተኛው ወር የሐኪሙ ቀጠሮ ደረሰ። የቀጠሮው ወረቀት «ፊኛዎ ሞልቶ ይምጡ» ይላል። ሞርሳ አነበበው። አንብቦም በዚያ ለስላሳ ሰው ፊት ቢፈስብኝስ ብሎ ፈራ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ጉሮሮውን በውሃ ሳያርስ አደረ፣ ሐኪም ቤቱ ደርሶም ሚስቱ ካርድ ስታወጣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያለችውን ጠብታ በቱቦ አፈሰሳት።

ሐኪሙ የባለፈውን ሳምንት የኩላሊት ምስል ብርሃን ላይ ሰቅሎ ያያል። ፊቱ አላማረም።

«ያካል?» አላት ሚስቱን።

«ኧረ ዶክተር፣ ጭኑ እስኪቀላ ነው የሚያከው! ይዩት!»

ሐኪሙ የቀላውን ቦታ አይቶ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሞርሳ መሬት ዋጪኝ አለ።

«ፊኛዎ ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

ሐኪሙ በእስክሪብቶው ቂጥ ጭኑን ፋቀ፣ ፋቀ፣ ደጋግሞ ፋቀ። ከባዶ ታንከር ምን ይወርዳል? ምንም።

«አልፎ አልፎ ሳያስቡት ይፈስብዎታል?»

ይቺ ነበረች በሩ። ተከፍታ ነበር። ሞርሳ ሚስቱን አየ፣ ሐኪሙን አየ።

«እኔ? አይፈስብኝም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰ ኩላሊቶቹ ማበጥ ጀምረዋል አለ፤ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም። ነርቩ ሳይደርስ ቀርቷል። የዛሬ አራት ሳምንት ከፊኛው በሆዱ በኩል ቱቦ አውጥቶ፣ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ በዚያ እንዲኖር ያደርጋል። «ዕድሜ ልኩን ነው» አላት ሚስቱን፣ ቀስ ብሎ። ሞርሳ አጠገቧ ነበር። ዕድሜውም የሱ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ አለቀሰች። «ይሄን ሁሉ አክከህ!» አለች። «ይሄን ሁሉ ለፍተህ!» እያንዳንዷ ቃል እንደ ቡጢ አረፈችበት። ወንበሩን እየገፋ ቀድሟት ወጣ።

ሦስቱ ሳምንት ነጎደ። ሞርሳ በየቀኑ ሆዱን እየዳሰሰ ከረጢቱ የት ጋ እንደሚንጠለጠል ይገምታል። ለሰው ቤት ስንት ማጠራቀሚያ ገጥሟል፤ የራሱ ተራ ደረሰ።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ አማቹ ወርክሾፕ መጣ። ሽቦ የሚያሳልፍባቸው ስምንት ቁራጭ ቧንቧዎች ፈልጎ ነው። የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀመጠና ወሬውን ለቀቀው። ሞርሳ ቧንቧውን ጭኑ ላይ አጋድሞ መቁረጥ ያዘ።

«ከረጢቱን ሲያደርጉልህ ማጥበቂያውን እኔ ልግጠመው በላቸው» አለ አማቹ።

«ወሬህን ትተህ ልኩን ንገረኝ።»

«ሰማንያ። ሰማንያ ሳንቲሜትር። የኔ ጥፋት አይደለም እኮ ጋሼ፣ ሐኪሙን ያመጣሁልህ እኔ ነኝ እንዴ? ገና ያኔ ሽቦው ላይ ሽፋን አድርገዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁት ብያለሁ። የሚሰማኝ አጣሁ።»

ሞርሳ መጋዙን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። አማቹ ስለ ሽቦ ባወራ ቁጥር መጋዙ ይፈጥናል። ሦስተኛው ቧንቧ ላይ ሲደርስ ሱሪው ረጠበ። ትንሽ አይደለም፤ በወንበሩ ጠርዝ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ኩሬ ሠራ። ከሰው ሁሉ መርጦ፣ ከቀን ሁሉ መርጦ!

አማቹ ወሬውን አቋረጠ። ሞርሳ መጋዙን ወረወረው፤ ግድግዳው ላይ ተላትሞ ወደቀ።

«ሳቅ!» አለ። «ምን ትጠብቃለህ? ሳቅ እንጂ! ሂድና ለእህቴም ንገራት!»

አማቹ አልሳቀም። እንዲያውም ሞርሳን ያበገነው አለመሳቁ ነው። ቆርቆሮው ላይ እንደተቀመጠ ጎንበስ ብሎ ኩሬውን አየ፣ ጭኑ ላይ ያለውን ቧንቧ አየ፣ የተበላሸ መስመር ፍለጋ ሲገባ የሚያሳየውን ፊት አሳየ።

«መቼ መቼ ነው?»

«ምን አገባህ!»

«ቤትስ?»

«ቤት ደረቅ ነኝ።»

«ሌሊትስ? እሁድስ?»

«ደረቅ ነኝ አልኩህ እኮ! እዚህ ብቻ ነው። ከመገጣጠሚያው ነው፤ አልያዘም።»

«እዚህ ስትመጣ ወዲያው ነው ወይስ መጋዙን ስትይዝ?»

ሞርሳ ግድግዳው ሥር የወደቀውን መጋዝ አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ቁርጥራጭ ሲለይ ደረቅ ነበር። ትናንትም የቧንቧ ማያያዣ ሲለቅም ደረቅ ነበር።

አማቹ ቧንቧውን ከጭኑ ላይ አነሣው። ሱሪው በዚያች ቦታ ላይ ተፍቆ ሳስቷል። «አንተ ሰውዬ» አለ፣ «የሚያፈስ ነገር እኮ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው። ይሄ ተጠርቶ ነው የመጣው። ስትነካው ይመጣል፣ ስትተው ይቆማል። ይሄማ ሠርቷል!»

«ስለ ውሃ አንተ ልትነግረኝ ነው? እኔ ፍሳሽ አውቃለሁ!»

«አንተማ ፍሳሽ ብቻ ነው የምታውቀው። ችግሩ እሱ ነው። እጅህ ግን የት ሄዶ ነበር? በእጅህ ስታከው አልመጣም?»

ሞርሳ የወንበሩን ጎማ ጨብጦ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«አላከክህም» አለ አማቹ፣ ቀስ ብሎ።

«ሰባት ወር አክኬያለሁ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተውኩት! አንተ ብትሆን አትተውም? ምንም የማይሰማህን እግር እያከክህ...» ድምፁ ሊሰበርበት ሲል አፈፍ አድርጎ ያዘው። መያዝማ ያውቅበታል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ አማቹ። ተነሥቶ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ይዞ መጣ። «ጠጣ።»

ጠጣ። ሱሪውን ቀየረ። ሁለት ሰዓት ተፋጠው ተቀመጡ። በመሐሉ ስለ ታንከሩ ቀን ተጨቃጨቁ፤ አማቹ መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር አለ፣ ሞርሳ እግር የለህም ወይ አለ፣ አማቹ አንተ ነበረህ፣ ምን አተረፍክበት አለ። አማቹ ጥፋቱን ያወቀ ይመስላል። ወለሉን አየ።

ፊኛው ሞላ ብለው ሲያስቡ ወደ ወርክሾፑ መጸዳጃ ሄዱ። በሩ ጠባብ ነው፤ ወንበሩ ግማሹ ውጭ ቀረ። አማቹ ባልዲ አቀረበ፣ ከኪሱ ካቻቪቴውን አወጣና እጀታውን ወደ ጭኑ ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!»

«እከክልኝ ልከክልህ ይባል የለ?»

«ወግድ አልኩህ! ዞር በል፣ ፊትህን አዙር!»

አማቹ ፊቱን አዞረ። ሞርሳ ከሰባት ወር በኋላ ጥፍሩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። አከከ። ምንም። አከከ። ባልዲው ውስጥ ኳ አለ። ከዚያ ኳኳታው ተያያዘ፤ እንደ ተዘጋ ቧንቧ አየር እየተፋ፣ እየተቆራረጠ መጣ። እጁን አነሣ፤ ቆመ። መለሰው፤ መጣ። ማንም ሰው ሞርሳን በዚያች ሰዓት አላየውም፤ አማቹ ግድግዳውን ነው የሚያየው።

«መጣ?» አለ አማቹ ለግድግዳው።

«ዝም በል።»

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ማልቀስ ጀምራ ሰባተኛው ወር ጋ ሲደርስ እንባዋ ደረቀ።

«ያ ሁሉ ቅባትስ?» አለች።

«ቧንቧው ነው ያቀላው።»

«ሰባት ወር ሙሉ ከበር ውጭ ቆሜ አከክህ ወይ ስልህ? ለሐኪሙስ ሞልቷል ያልከው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አንተን አይተው ነው!» አለችና በእጇ የነበረውን እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ወረወረችው። ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የውሃ ጠርሙስ አጠገቡ ኳ አድርጋ አስቀምጣ፣ «ጠጣ። ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው» አለች።

ሐኪሙ በዚያን ቀን ለቀዶ ጥገናው ሊያዘጋጀው ነበር። ሞርሳ እንደገባ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ዕቃ ያቅርቡልኝ» አለው። አቀረቡለት። አከከ። መጣ። ሐኪሙ የመለኪያውን ዕቃ አንሥቶ ብርሃን ላይ ያዘው። ወደ ሚስቱ ዞረና፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አላት።

«ዶክተር» አለ ሞርሳ። «የታከከው እኔ ነኝ። እኔን ይጠይቁኝ።»

ሐኪሙ ቀላ። ወንበር ስቦ ከሞርሳ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሞርሳ ውሸቱን አንድ በአንድ ነገረው፤ ማከክ መተዉንም፣ ባዶውን ፊኛም። ሐኪሙ አልሰደበውም። ሽንቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይወጣ፣ የቀረውን ለጊዜው በቀን አንዴ በቱቦ ማውጣት እንዳለበት ነገረው፤ የከረጢቱን ቀጠሮ ሰረዘ፣ ኩላሊቶቹን ከሦስት ወር በኋላ አይቶ እንደሚወስን ነገረው። ለሞርሳ ነገረው።

የዚያ ሳምንት እሁድ እህቱና አማቹ ቤት መጡ። ሞርሳ በመሐል ወንበሩን እየገፋ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። ከውጭ ወሬው ቀጥ አለ። ሦስቱም ጆሯቸውን እንደቀሰሩ አወቀ።

«አከክህ?» አለች ሚስቱ።

«እያከኩ ነው!»

«የምር?» አለች እህቱ።

«ወደ ውጭ በኩል!» ብሎ ጮኸ አማቹ። «ከጉልበት አራት ጣት ከፍ በል! መስመሩ የሚያልፈው በዚያ ነው! ቀስ ብለህ ጀምርና...»

ሞርሳ ደሙ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረችው አጥንት ተነቅላ ወጣች።

«ዝም በል አንተ! ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ ማወቅ ምን ትምህርት አለው!»

ሞርሳ ጠበቀ። ይቺን ቀን ስንት ጊዜ አልሟታል! አሁን ያፍራል፣ አሁን የሰርጉ ቀን ትዝ ይለዋል፣ አሁን ይቅርታ ይላል።

«ጥሩ አባባል ነው» አለ አማቹ፣ ከልቡ። «ከየት አመጣኸው?»

ሞርሳ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ውሃው ግን ገና አላለቀም ነበር፤ አፉን ዘጋና ማከኩን ቀጠለ።